ሰቢሪና ከቀለበቱ ሥር

ሮቤ ላይ ጭጋግ ሲወርድ ማንንም አያስፈቅድም። ከሳነቴ አፋፍ ይነሳል፣ ጎባን ያለብሳል፣ ከዚያ በስንዴው ማሳ ላይ ዝም ብሎ እየተሳበ መጥቶ የኮሌጁን አጥር ያልፋል። መጀመሪያ የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ይጠፋል። ቀጥሎ ባሕር ዛፎቹ። በመጨረሻ ከሴቶች መኝታ ቤት ጀርባ ያለችው የቅርጫት ኳስ ሜዳ ትጠፋለች። ሜዳዋ ጣሪያ የላትም፤ ሲሚንቶ ፈሶባት፣ በሁለት ጫፍ ምሰሶ ቆሞባት፣ እንዲሁ ለሰማይ የተተወች ናት። ጭጋጉ በደንብ በተኛባት ጠዋት፣ የሦስት ነጥቡ መስመር ላይ ቆሞ ላንጋጠጠ ሰው ቀለበቱም የለም፣ መረቡም የለም፣ ሰሌዳውም የለም። ነጭ ብቻ ነው።

ከዚያ ነጭ ውስጥ የሴት ድምፅ ይመጣል።

«አስ! አስ!»

በኦሮምኛ «ወዲህ! ወዲህ!» ማለት ነው። ልጆቹ ተራ በተራ ኳሷን ወደ ድምፁ ይወረውራሉ። ኳሷ ወደ ላይ ትሄድና ትጠፋለች። ለአንድ አፍታ ሁሉም ጆሮውን ይጥላል። ከዚያ ወይ መረቡ ሽው ይላል፣ ወይ ብረቱ ጓ ይላል፤ ሽው ካለ ሳቅ፣ ጓ ካለ እርግማን ይከተላል። ከቀለበቱ ሥር ያለችው ሴት ኳሷን ለቅማ ይዛ ትጠብቃለች፤ የወረወረችው ልጅ ወደ ድምፁ ሮጣ መጥታ ከእጇ ትቀበላለች።

ይህቺ ሴት ሰቢሪና ሻፊ ናት፤ የኮሌጁ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን ምክትል አሰልጣኝ።

ምክትልነት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው፣ የሠርግ ሚዜን ያስብ። ሲሯሯጥ የሚውለው እሱ ነው፤ እልል የሚባለው ግን ለሌላው። ሰቢሪና ከተማሪነቷ ወጥታ ምክትል ከሆነች ጀምሮ ስንት ሙሽራ አጅባለች! ዋና አሰልጣኞቹ ከሌላ አገር ይመጣሉ፤ እሷ ትቀበላለች፤ ቤት ታከራያለች፤ በቅቤ የታሸው የገብስ ጭኮ የት ጥሩ እንደሚሸጥ፣ የትኛው ባጃጅ ነጂ ዋጋ እንደሚጨምር ትነግራለች። አንዱ ብርዱን ሸሽቶ ሄደ። አንዱ ሚስት አገባና ሚስቲቱ ሮቤን እንቢ አለች። አንዱ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ ጭጋጉን በመስኮት ሲያይ ዓይኑ የታወረ መስሎት እንደጮኸ፣ ከዚያ ቀን በኋላም እንቅልፍ እንዳልወሰደው በከተማው ይወራል። እሱም ሄደ። ሰቢሪና ቀረች። ትዳርም ሞክራ ነበር፤ ነጋዴ ባሏ ሻሸመኔ ሱቅ ከፍቶ «ነይ» ሲላት፣ «የልጆቹ ልምምድ ሲያልቅ እመጣለሁ» አለችው። ልምምድ ደግሞ አልቆ አያውቅም።

ይህን ሁሉ የምናገረው እንድታዝኑላት አይደለም። ሰቢሪና ደስተኛ ሴት ነበረች። ከቀለበቱ ሥር ቆማ ነጩን ስታይ፣ እግሯ ሥር ሲሚንቶ መኖሩን እስክትረሳ ድረስ ልቧ ይንሳፈፍ ነበር። ከዚያ ነጭ ውስጥ ቀይ ኳስ ብቅ ሲል ደግሞ፣ ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይገርማት ነበር።

ጥሪው የእሷ አይደለም፤ የእናቷ ነው።

ሰቢሪና የተወለደችው በሮቤና በጎባ መካከል፣ ከዋናው መንገድ ወደ ግራ ተታጥፎ በሚገባበት መንደር ነው። አባቷ ሻፊ ባለጋሪ ነበር። ጠዋት ፈረሱን ጠምዶ ሮቤ ገበያ ይወርዳል፣ እህል ይጭናል፣ ሽንኩርት ይጭናል፣ ሰው ይጭናል፤ ሲመሻሽ ይመለሳል። ፈረሶቹ በየዘመናቸው ተለዋውጠዋል፤ አንገታቸው ላይ የምትንጠለጠለው የናስ ቃጭል ግን አንዷ ናት፤ ከፈረስ ወደ ፈረስ ትወረስ ነበር። ጭጋግ በወረደ ማታ መታጠፊያው አይታይም። እሱን ስቶ ያለፈ ጋሪ ደግሞ የሚገኘው ገደሉ አፍ ላይ ነው። ስለዚህ እናቷ ጁሀራ ሻሿን ጠቅልላ መታጠፊያው ላይ ትቆማለች። ሚስት የባሏን ስም በአደባባይ አትጠራም፤ በዚያ አገር ነውር ነው። እናም ስም የሌለው ጥሪ ትጣራለች፦ «አስ! አስ!» ሕፃኗ ሰቢሪና ቀሚሷን ይዛ አጠገቧ ትቆማለች። መጀመሪያ ምንም የለም። ከዚያ ከሩቅ ቃጭል። ከዚያ ኮቴ። ከዚያ የፈረስ ራስ፣ ከነጩ ውስጥ፣ ያለ አንገት፣ ያለ ጋሪ፣ ብቻውን። ሰቢሪና እስከ ዛሬ በሕልሟ የምታየው ይህንኑ ነው።

የመጀመሪያ ቀለበቷንም የሠራላት አባቷ ነው። ጎባ ትምህርት ቤት ስትገባ ትልልቅ ልጆች ኳስ ወደ ብረት ሲወረውሩ አይታ መጥታ ስትነዘንዘው፣ የበርሜል አፍ ቆርጦ ባሕር ዛፍ ላይ ቸነከረላት። ቁመቱን ማን ነግሮት! እጁ እስከደረሰበት ቸነከረው፤ ሻፊ ደግሞ ረጅም ሰው ነበር። ስትስት አደገች፤ ሳትስት ኮሌጅ ገባች።

ምክትል በሆነችበት የመጀመሪያው ዓመት፣ አንድ ጠዋት ጭጋግ ወርዶ የዚያን ጊዜው ዋና አሰልጣኝ «ዛሬ ልምምድ የለም» ብሎ ወደ አልጋው ተመለሰ። ልጆቹ ቱታቸውን ለብሰው፣ እጃቸውን ብብታቸው ከተው ሜዳው ጠርዝ ላይ ቆመዋል። ሰቢሪናን አሳዘኗት። ሳታስበው ወደ ነጩ ገባች፤ ምሰሶውን በእጇ ዳብሳ አገኘችው፤ ከቀለበቱ ሥር ቆመች፤ አፏ ራሱ ተከፈተ። «አስ! አስ!» አለች። የመጀመሪያዋ ኳስ ጭንቅላቷን መታቻት፤ ሁለተኛዋ ገባች። ከዚያን ቀን ወዲህ ጭጋግ ልምምድ አስቀርቶ አያውቅም።

ባለፈው ዓመት የመጣው ዋና አሰልጣኝ ዳግማዊ ይባላል፤ ከሐዋሳ ነው። ሐይቅና ፀሐይ የለመደ ሰው በመሆኑ ጃኬት በጃኬት ላይ ደርቦ፣ ፊሽካውን እንኳ ብርድ እንዳይነካው አንገት ልብሱ ውስጥ ደብቆ ይመጣ ነበር። የመጀመሪያውን የጭጋግ ልምምድ ሲያይ ሳቁ መጣ።

«ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር» አላት። «እናንተ ደግሞ ቀለበት አላችሁ በሰማይ።»

«ወተቷን እናያለን ግን» አለች ሰቢሪና። «ና ወርውር።»

ወረወረ። ሳተ። ደግሞ ወረወረ። ድምፁን ተከትሎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በሦስተኛው ሲወረውር መረቡ ሽው አለ። ዳግማዊ ጃኬቶቹን እያወለቀ እንደ ሕፃን እየጮኸ ሜዳውን ዞረ። ልጆቹ ከዚያን ቀን ጀምሮ ወደዱት፤ እሱም ሮቤን ወደደ። ደግ ልጅ ነው፤ ከሰቢሪና በዕድሜ ያንሳል፤ ሥራውን ያውቃል። ቡድኑ በሰኔ ለሚደረገው የኮሌጆች ውድድር እንዲደርስ እቅድ አወጣ። ጭጋግ በሚወርድበት ጠዋት ሁሉ ግን እቅዱ አንድ ቃል ነበር፦ ሰቢሪና።

ድምፅዋ መሰንጠቅ የጀመረው ከረመዳን በኋላ ነው። መጀመሪያ ብርድ ነው ብላ ናቀችው። አንገቱ ከተማ ያለችው እህቷ የሐረና ማር ላከችላት፤ እናቷ ዝንጅብል አፍልታ አጠጣቻት፤ ጎረቤት ዳማከሴ ጨምቆ ሰጣት። ከማሩ በቀር ምኑም አልጣማትም፤ ድምፅዋም አልተመለሰም። አንድ ጠዋት «አስ!» ስትል ከአፏ የወጣው ነፋስ ብቻ ሆነ። ኳሷ መጥታ ከሰሌዳው ጀርባ ወደቀች፤ ሁለተኛዋ አጥር ዘለለች። ከጭጋጉ ውስጥ ለሊሴ የምትባለዋ የዲንሾ ልጅ፣ የቡድኑ ረጅሟ ተጫዋች፣ «ኮች ሰቢ፣ የት ሄድሽ?» ብላ ጠራቻት። እዚያው ነበረች። «እዚህ ነኝ» ለማለት ግን ጉሮሮዋ አልታዘዝ አላት።

ጎባ ሆስፒታል ያየቻት ወጣት ሐኪም ጉሮሮዋን በመብራት መረመረችና ወንበሯን ወደ እሷ አስጠጋች።

«የድምፅሽ አውታር ላይ እባጭ ወጥቷል። ብዙ ከመጮህ ነው። መድኃኒቱ ዝምታ ነው።»

«ዝም ማለት ቀላል ነው» አለች ሰቢሪና።

«ጨርሶ ዝም። ሹክሹክታም አይቻልም። ክረምቱ እስኪገባ።»

«ልጆቼ በሰኔ ውድድር አለባቸው። ከዚያ በኋላ ዝም ብልስ?»

ሐኪሟ መብራቷን አጠፋች። «ከዚያ በኋላማ» አለች ቀስ ብላ፣ «ሳትፈልጊም ዝም ትያለሽ። ድምፅሽ ከሄደ አይመለስም።»

ወደ ሮቤ ስትመለስ ሚኒባሱ ሞልቶ ነበር። መስኮት አጠገብ ተቀመጠች። ሰው ያወራል፤ ረዳቱ ይጣራል፤ አንዲት ሴት ዶሮዋን ትቆጣለች፤ ስልክ የያዘው ሰውዬ ስለ ገብስ ዋጋ ይከራከራል። ለሰቢሪና ሁሉም ከውኃ ሥር እንደሚሰማ ነገር ሆነባት። ይሄ ሁሉ ሰው ድምፅ አለው፤ ያባክነዋል። ፈራች። እውነቱን ለመናገር፣ አባቷ የሞተ ዕለት እንኳ እንዲህ አልፈራችም። ዝላይዋ ሄዷል፣ እግሯ ሄዷል፣ ሜዳሊያ የላት፣ ማዕረግ የላት። ለልጆቹ ያላት ይህ ድምፅ ብቻ ነው። እሱ ከሌለ ከቀለበት ሥር የቆመች አንዲት ሴት ናት፤ ምሰሶውም እኮ ቆሟል። እነሱስ? ውድድሩ ደጅ ሲደርስ በጭጋጉ ውስጥ ልትበትናቸው ነው? የመንደራቸውን መታጠፊያ ስታልፍ ጭጋጉ መውረድ ጀምሮ ነበር፤ ማንም አልቆመበትም።

ለዳግማዊ በማግስቱ ነገረችው። የመጨረሻ ድምፅዋን ቆጥባ፣ አጭር አድርጋ።

«ከነገ ጀምሮ ድዳ ልሆን ነው።»

የተባለችውን ሰምቶ ሲጨርስ ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ እጁ ላይ ጠቀለለው። «ጉሮሮሽ ይቅደም» አላት። «ውድድር በየዓመቱ አለ።»

«ልጆቹስ?»

«ልጆቹስ» ብሎ እሱም ደገመው። በማጨብጨብ ሞከሩ፤ ጭብጨባው የመኝታ ቤቱን ግድግዳ እየነካ ስለሚመለስ ከሁለት ወገን ይሰማል። ፊሽካም እንዲሁ ሆነ። ዳግማዊ ራሱ ከቀለበቱ ሥር ገብቶ «አስ!» ሲል ደግሞ፣ የሐዋሳ አነጋገሩ ልጆቹን ሳቅ በሳቅ አደረጋቸውና አንዷም መወርወር አልቻለችም።

ሰቢሪና አባቷ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለችውን ቃጭል ያስታወሰችው ያን ጊዜ ነው።

ሻፊ ከሞተ ወዲህ ቃጭሏ ሥራ ፈትታ ነበር። የመጨረሻው ፈረሱ ዳማ፣ ሮቤ ገበያ ውስጥ ለሚሠራው ባለጋሪ ለነገሪ ተሸጧል፤ ነገሪ የራሱ ደወል ስለነበረው ቃጭሏን አልፈለጋትም። ሰቢሪና የእናቷን መዳፍ ቃጭሏ ላይ አሳርፋ አስፈቀደች፣ ቃጭሏን አወረደች፣ በአመድ ፈትጋ አጠራች፣ በሲባጎ አድርጋ ልክ ከቀለበቱ ሥር አንጠለጠለቻት። ድምፅዋ ጥርት ያለ ነው፤ ከግድግዳው አይመለስም፤ ከአንድ ቦታ ብቻ ይመጣል። ዳግማዊ «አላህ ይስጥሽ!» ብሎ አቀፋት፤ እሱ ክርስቲያን ነው፣ ግን የሮቤን አነጋገር ለምዷል።

በማግስቱ ጭጋጉ ሜዳው ላይ ተኛ። ሰቢሪና ሲባጎውን ሳበች። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል። የመጀመሪያዋ ኳስ ብረት ነካች። ሁለተኛዋ ገባች! ልጆቹ ጮሁ። ሰቢሪና ልቧ ሙልት አለ፤ ሲባጎውን አጥብቃ ሳበች። ቅጭል፣ ቅጭል፣ ቅጭል።

ያን ጊዜ ኮቴ ተሰማ።

መጀመሪያ ጆሮዋ ያታለላት መሰላት። ኮቴው እየቀረበ መጣ፤ ሲሚንቶው ላይ ወጣ፤ የጎማ ድምፅ ተከተለው። ከዚያ ከነጩ ውስጥ የፈረስ ራስ ብቅ አለ፤ ያለ አንገት፣ ያለ ጋሪ፣ ብቻውን። ሰቢሪና ሲባጎውን ለቀቀች። ልጅነቷ ተመልሶ መጥቶ ፊቷ የቆመ መሰላት፤ ከኋላው አባቷ «እናትሽስ?» ብሎ የሚወርድ መሰላት። ፈረሱ ቀጥ ብሎ መጣና አፍንጫውን ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። ዳማ ነበር። ትንፋሹ ይሞቃል። ኋላው ላይ ጋሪው፣ ጋሪው ላይ የነገሪ ሽንኩርት፤ አንዱ ጆንያ ተፈትቶ ሽንኩርቱ ሜዳውን ሞልቶ ይንከባለላል፤ ልጆቹ በጭጋግ ውስጥ ሽንኩርት እየረገጡ ይንሸራተታሉ፤ አንዷ «ጅብ ነው!» ብላ ወደ መኝታ ቤት ሸሽታለች። ሰቢሪና የፈረሱን አንገት አቅፋ አለቀሰች። ለቅሶ ድምፅ ከሌለው ሐኪም አልከለከለውም።

ነገሪ እያለከለከ ደረሰ። ከአጥሩ ማዶ ሻይ ቤት በር ላይ አቁሞት ነበር። «ወላሂ ሌባ ወሰደው ብዬ ግማሽ ሮቤን ሰደብኩ!» አለ። ቃጭሏን ሲያይ ገባው። «የሻፊ ቃጭል! ምስኪኑ ፈረስ ምን ያድርግ?»

ዳግማዊ ሽንኩርት እየለቀመ፣ «ምንም አይደል፣ ተጫዋች አስፈርመናል» አለ። ሁሉም ሳቀ። ነገር ግን በማግስቱ ቃጭሏ ስትደወል ዳማ እንደገና መጣ፤ በዚህኛው ቀን ሁለት ተሳፋሪዎች ጭኖ ነበር። የኮሌጁ ጥበቃ ተቆጣ፣ አስተዳደሩ ተቆጣ፣ ከተሳፋሪዎቹ አንዷም ተቆጣች። ቃጭሏ ተፈታች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ሰቢሪና ከበፊቱ የባሰ ልቧ ተሰበረ። ውድድሩ ቀርቧል፤ ጭጋጉ ይወርዳል፤ ልጆቹ በየጠዋቱ ሜዳው ጠርዝ ላይ እጃቸውን ብብታቸው ከተው ይቆማሉ። መቋቋም አቃታት። የመጣው ይምጣ አለች በልቧ፤ ነገ እጮኻለሁ።

ያን ምሽት ቃጭሏን ለመመለስ እናቷ ዘንድ ሄደች። ጁሀራ አርጅታለች፤ ዓይኗ ደክሟል፤ ጆሮዋ ግን እንደ ድሮው ነው። ሰቢሪና አጠገቧ ቁጭ ብላ፣ ቀኑን ሙሉ የያዘችውን ነገር በሹክሹክታ ለቀቀችው።

«አዮ፣ እናቴ፣ ነገ ልጣራላቸው ነው።»

እናቷ እጇን ዘርግታ አፏን ከደነችው። መዳፏ ሻካራ ነው።

«ዝም በይ፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» አለቻት። «ዝም ብለሽ ስሚኝ። አንቺን የወለድኩ ሰሞን ትኩሳት ያዘኝ፤ ድምፄ ጠፋ። ጭጋግ ወረደ። መታጠፊያው ላይ የሚቆም የለም። አልጋዬ ላይ ሆኜ አለቀስኩ፤ ዛሬ ገደል ገባ አልኩ። ቃጭሏ ደጄ ላይ ተሰማች።»

ሰቢሪና መዳፏን ጠበቅ አድርጋ ጠየቀቻት።

«እኔም እንዲሁ ጠየቅኩት። 'እንዴት መጣህ?' አልኩት። 'ፈረሱ መታጠፊያውን ያውቀዋል፣ እኔም አውቀዋለሁ' አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ! አኮረፍኩት፣ ሰቢ ኮ፤ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኩት። 'ታዲያ ያን ሁሉ ማታ ብርድ ላይ ለምን አስቆምከኝ?' አልኩት።» ጁሀራ ለብቻዋ ሳቀች። «'ባትጠሪኝም እደርሳለሁ' አለኝ። 'ስትጠሪኝ ግን እፈጥናለሁ።'»

ቃጭሏን ተቀብላ በዳበሳ ችንካሯ ላይ ሰቀለቻት። ሰቢሪና ብዙም አልተጽናናችም። ልጆቹ ፈረስ አይደሉም፤ ቀለበትም መታጠፊያ አይደለም። የእናቷን ጉንጭ ስማ ወደ መኝታዋ ገባች። እንደወሰነች ነበር።

በማግስቱ ንጋት ከሱብሂ ሶላት በኋላ ስትወጣ እንደዚያ ያለ ጭጋግ በሕይወቷ አላየችም። ባጃጆቹ መብራት አብርተው በእግር ፍጥነት ይሄዳሉ። የኮሌጁን በር ያገኘችው አጥሩን በእጇ እየዳሰሰች ነው። ሜዳው ጠርዝ ላይ ስትደርስ የልጆቹን ሳል፣ የጫማቸውን ድምፅ ሰማች፤ አላየቻቸውም። በመካከላቸው አልፋ ወደ ውስጥ ገባች። ምሰሶውን ዳብሳ አገኘችው። ከቀለበቱ ሥር ቆመች። ጉሮሮዋን በሻሿ ላይ በእጇ ያዘችው፤ ደህና ሁን እንደማለት ነው። አየር ሳበች።

«ኮች ሰቢ! እንዳትጣሪ!»

ለሊሴ ናት። ከነጩ ውስጥ፣ ከሩቅ።

«ኮች ዳግማዊ ሐኪሟ ያለችሽን ሁሉ ነግሮናል! አንዲት ቃል ካወጣሽ ወደ ዲንሾ ነው የምሄደው፣ ወላሂ! አፍሽን ያዢ፣ መጣች!»

ኳሷ መጣች። ብረቱን ጓ አድርጋ ወጣች። ሰቢሪና ሮጣ ያዘቻት፤ አቅፋት ቆመች። የሳበችው አየር ደረቷ ውስጥ ነበር። አሁን ምን ታድርግ? ድሮ እሷ ስትጠራ ልጆቹ ወደ ድምፅዋ ይመጡ ነበር። ዛሬ እሷ ዝም ብላለች፤ የሚመጣ የለም። ኳሷን መመለስ አለባት፤ ወዴት? በአራቱም ማዕዘን ነጭ ነው። ያን ሁሉ ዓመት እዚህ ቆማ፣ እነሱ ከወዲያ ሆነው ምን እንደሚያዩ አይታ አታውቅም ነበር። አሁን አየችው። ምንም አያዩም ነበር። ዝም ብለው አምነው ይወረውሩ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ለነገሩ ለዚያ ጭጋግ ዓይን ደረቀ ረጠበ ልዩነት የለውም።

«አስ!»

ድምፁ ከፊት ለፊቷ ነው። የለሊሴ።

ሰቢሪና ኳሷን በሁለት እጇ ይዛ፣ ድምፁ ወደመጣበት ወደ ነጩ ገፋቻት። ጠፋች። ለአፍታ ምንም የለም። ከዚያ ጧ የሚል የመዳፍ ድምፅ፤ ደርሳለች። ወዲያው ኳሷ ተመልሳ በአየር መጣች፤ በዚህኛው መረቡ ሽው አለ፤ እጇ ላይ ወደቀች።

«አስ! ኮች ሰቢ፣ አስ!» ይሄ ደግሞ ከቀኝ ነው፤ ኤደን፣ ትንሿ የጎባ ልጅ። «አስ!» ከግራ፣ ሀይሚ። «አስ! አስ!» ከመሀል ሜዳ፣ ከዚያ ከመኝታ ቤቱ በኩል፣ ከዚያ ሁሉም በአንድነት እየተሻሙ። ዳግማዊ ጠርዝ ላይ ሆኖ ሲስቅ ይሰማታል። ጥሪው ልክ የእናቷ ነው፤ ስም የለውም፣ መጨረሻው ላይ ትንሽ ይንጠለጠላል። መቼ ተማሩት? ማን አስተማራቸው?

ሰቢሪና ደረቷ ውስጥ የያዘችውን አየር ያለ ድምፅ ለቀቀችው። ኳሷን ወደ ኤደን ወረወረች፤ ተመልሳ ስትመጣ ወደ ሀይሚ ወረወረች። እየተጠራች ነው። እግሯ ድካሙን ረሳ፤ ከቀለበቱ ሥር ወዲያና ወዲህ እያለች፣ ኳሷ ሲሚንቶውን ሳትነካ ልትቀልብ ፈጠነች።